ቃላትን ሳጥን ውስጥ ሊቆልፍ የተነሳው ሰው

ይህንን ጽሑፍ የምታነቡበትን ዕቃ ሱቅ ሄዳችሁ ብትጠይቁ፣ ሻጩ ቀፎ ነው የሚለው። ቀፎ ግን የንብ ቤት ነበር፤ አሁንም ነው። ማር የሚቆረጥበት ቀፎና ቲክቶክ የሚታይበት ቀፎ አንድ ስም ይዘው ይኖራሉ፤ በዚህ የተነሳ ግራ የተጋባ ሰው አላየሁም። ቆጥንም አስቡት። ዶሮዋ ማታ የምትሰፍርበት ቆጥ ነው፤ ዕቃ የሚቀመጥበትም ከፍ ያለ ቦታ ቆጥ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴትዮ ልታወርድ የነበረው ዶሮ ይሁን ዕቃ፣ እስከ ዛሬ የጠየቃት የለም።

እንግሊዝኛም እንዲህ ያለች ቃል አለችው፦ ሃች። ድሮ የእህል ሳጥን ነበረች። ከዚያ ጥንቸል የሚያድርባት፣ ፊቷ በሽቦ የተሸፈነ የእንጨት ቤት ሆነች። አሜሪካኖች ደግሞ ከታች መዝጊያ ከላይ መደርደሪያ ያለውን፣ ሳህንና ብርጭቆ የሚደረደርበትን፣ እኛ ሳሎን ውስጥ ቡፌ የምንለውን ዕቃ ሃች ይሉታል። አንድ ቃል፣ ሦስት ዕቃ።

ተመሳሳይ ቃላቷን ልፈልግ ያለ ሰው መጀመሪያ የትኛዋን ሃች እንደፈለገ ራሱን መጠየቅ አለበት። የእህሏ ከሆነች ጎረቤቶቿ ቼስት፣ ኮፈርና ቢን ናቸው። የጥንቸሏ ከሆነች ኬጅ፣ ኩፕና ፔን ይመጣሉ። እነሱም ቢሆኑ ልክክ አይሉም። ኩፕ የዶሮ ነው፤ ፔን ጣሪያ የሌለው አጥር ነው፤ ኬጅ ፍርግርግ ነው። እኛስ ብንሆን? ላም በረት፣ ፈረስ ጋጣ፣ ዶሮ ቆጥ ነው። ዶሮዬን ጋጣ አስገባሁ ያለ ሰው ገጠር ውስጥ ይሳቅበታል። ተመሳሳይ የሚባሉ ቃላት እንደ ወንድማማቾች ናቸው፤ ይመሳሰላሉ እንጂ አንዱ በሌላው መታወቂያ አይሄድም።

ይህንን ነገር በዕድሜው፣ በዓይኑና በኪሱ ከፍሎ የተማረ አንድ ሰው አለ። ሳሙኤል ጆንሰን ይባላል። በ1755 ያሳተመው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ከመቶ ዓመት በላይ የቋንቋው ዳኛ ሆኖ ቆይቷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እሱ ዘንድ ሃችን ስትፈልጉ የምታገኙት የእህል ሳጥን የሚል አጭር ፍቺ ነው። ጥንቸሏ የለችም፤ ቡፌውም የለም። ጆንሰን ሥራውን ሲጀምር ቋንቋን ባለበት ማቆም፣ እያንዳንዱን ቃል በየሳጥኑ አስገብቶ መቆለፍ ይቻላል ብሎ ነበር። ሲጨርስ ምን እንዳለ እንደርስበታለን። መጀመሪያ ግን ስንት እንዳስወጣው እንይ። እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ስለሆነ ሂሳቡን ሳላይ ማለፍ አይሆንልኝም።

ጆንሰን በ1709 ሊችፊልድ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ተወለደ። አባቱ መጽሐፍ ሻጭ ነበር፤ መጽሐፍ ሞልቶ ገንዘብ የጠፋበት ቤት። ልጁ ገና በጨቅላነቱ የአንገት ዕጢ የሚያሳብጥ የነቀርሳ በሽታ ያዘው። ፊቱ ላይ ጠባሳ፣ ዓይኑ ላይ ድካም ትቶበት ሄደ። የዘመኑ ሰው ንግሥት በእጇ ብትዳብሰው ይድናል ብሎ ያምን ስለነበር፣ እናቱ በሁለት ዓመት ተኩሉ ለንደን ድረስ ወስዳ በንግሥት አን እጅ አስዳበሰችው። አልዳነም። ካደገ በኋላም ሳያስበው ትከሻው ይወዛወዛል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ከአፉ ድምፅ ያመልጠዋል። የዛሬ ሐኪሞች ቱሬት የሚባለው ችግር ሳይኖርበት አይቀርም ይላሉ። በዚያ ዘመን ግን እንግዳ ሰው ሲያየው አእምሮው የተነካ ይመስለው ነበር።

በ1728 ኦክስፎርድ ገባ። 13 ወር ከተማረ በኋላ ገንዘቡ አለቀና ያለ ዲግሪ ወጣ። ጫማው አልቆ ጣቱ ይታይ ነበር ይባላል። አንድ ሰው አዝኖለት አዲስ ጫማ በሩ ላይ ቢያስቀምጥለት፣ አንስቶ ወረወረው። ድህነቱን ችሎታል፤ ሲያዩበት ግን አልቻለም። ይህ ጠባይ ኋላ ላይ ተመልሶ ይመጣል፤ ያዙልኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ መጽሐፍ ሠርቶ የተከፈለው ስለ ማን አገር እንደሆነ ብትገምቱ ደስ ይለኛል። ስለ እኛ ነው። ዤሮኒሞ ሎቦ የሚባል ፖርቱጋላዊ ኢየሱሳዊ ቄስ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢትዮጵያ መጥቶ ያየውን ጽፎ ነበር። ጆንሰን ይህንን የጉዞ መጽሐፍ ከፈረንሳይኛው ቅጂ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። በጭንቀት ተይዞ ከአልጋ መነሳት አቅቶት ስለነበር፣ ተኝቶ እየተረጎመ ጓደኛው ይጽፍለት ነበር። መጽሐፉ በ1735 ታተመ። ክፍያው አምስት ጊኒ ብቻ። ጊኒ ማለት ከአንድ ፓውንድ ትንሽ ከፍ የሚል የዘመኑ ገንዘብ ነው።

በዚያው ዓመት ኤልሳቤጥ ፖርተር የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት አገባ። እሱ 25 እሷ 46 ዓመታቸው ነበር። በእሷ ገንዘብ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ተማሪ ጠፍቶ ተዘጋ። ከጥቂቶቹ ተማሪዎች አንዱ ዴቪድ ጋሪክ ነበር፤ ኋላ የዘመኑ ታላቅ ተዋናይ የሆነው። በ1737 አስተማሪና ተማሪ አብረው ሥራ ፍለጋ ለንደን ገቡ።

ለንደን ላይ ጆንሰን የሆነው የዛሬው ፍሪላንሰር ነው። በገጽ ይከፈለዋል፤ ግጥም፣ የሕይወት ታሪክ፣ የፓርላማ ክርክር፣ የተገኘውን ይጽፋል። ሪቻርድ ሳቬጅ ከሚባል ገጣሚ ጓደኛው ጋር ማደሪያ የሚከፍሉት አጥተው ሌሊቱን መንገድ ላይ ሲዞሩ ያደሩባቸው ቀናት ነበሩ። በጽሑፍ የሚተዳደር ሰው ስለሆንኩ ይህንን ሳነብ ገጹን ቶሎ መግለጥ አልቻልኩም።

ከዚያ በ1746 ትልቁ ሥራ መጣ። የለንደን መጽሐፍ ነጋዴዎች ተሰብስበው መዝገበ ቃላት ሥራልን አሉት። ፈረንሳዮች 40 ምሁራን የተቀመጡበት አካዳሚ አቋቁመው የራሳቸውን መዝገበ ቃላት በ1694 አውጥተዋል፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸው። ጣልያኖችም ቀድመዋል። እንግሊዞች አካዳሚ አልነበራቸውም። ያላቸው ዲግሪ የሌለው፣ አንድ ዓይኑ በደንብ የማያይ፣ የ36 ዓመት ሰው ነበር። ጆንሰን በሦስት ዓመት እጨርሳለሁ አለ።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ውሉ 1,575 ፓውንድ ነው፤ ቁርጥ ዋጋ። በሦስት ዓመት ቢያልቅ በዓመት 525 ፓውንድ ይደርሰዋል፤ ጥሩ ገቢ ነው። ሥራው ግን የፈጀው ዘጠኝ ዓመት ያህል ነው። አካፍሉት፤ በዓመት 175 ፓውንድ። ከዚህ ላይ የስድስት ረዳቶች ደመወዝ፣ ወረቀትና የቤት ኪራይ ይቀነሳል፤ ሁሉም ከእሱ ኪስ ነው የሚወጣው። በቁርጥ ዋጋ የተዋዋለ ሰው ቀኑ በረዘመ ቁጥር የሚከስረው እሱ ብቻ ነው፤ አሠሪው ቢበዛ ይጠብቃል። ቤት ያሠራችሁ ወይም ድረ ገጽ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ።

ሥራው የተሠራው ጎፍ አደባባይ ላይ ባለ ቤት፣ ጣሪያው ስር ባለ ክፍል ውስጥ ነው። ቤቱ ዛሬም ሙዚየም ሆኖ አለ። አሠራሩን ልንገራችሁ። ጆንሰን መጻሕፍት ያነባል። ቃሉ ጥሩ ሆኖ የገባበትን ዓረፍተ ነገር ሲያገኝ ቃሉን ያሰምርበትና የመጀመሪያ ፊደሉን ጠርዙ ላይ ይጽፋል። ረዳቶቹ ዓረፍተ ነገሩን በቁራጭ ወረቀት ይገለብጡታል። ከስድስቱ አምስቱ ስኮትላንዳውያን ነበሩ። ቁራጮቹ በፊደል ተራ ይደረደራሉ፤ ጆንሰንም ከፊቱ የተከመሩትን ማስረጃዎች እያየ ፍቺውን ይጽፋል። በመጨረሻ 42,773 ቃላትና ወደ 114,000 የሚጠጉ ምሳሌዎች ገቡበት።

ዋናው ነጥብ እዚህ ጋ ነው። ቃሉ ምን ማለት መሆን አለበት ብሎ ከራሱ አላመጣም፤ ሰዎች በምን ሲጠቀሙበት እንደኖሩ ፈለገ እንጂ። ፍለጋው ደግሞ ጣጣ አመጣ። አንድ ቀላል ግሥ ውስጥ ሲገባ ትርጉሙ አሥር፣ ሃያ፣ ከዚያም በላይ እየሆነ ተተረተረበት። መውሰድ የሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ ብቻውን ከ130 በላይ ፍቺ ወጣው። ሳጥን ሊሠራለት የመጣው ቃል ቤት ሙሉ ሆኖ ቁጭ አለ።

በ1752 ሥራው ገና እያለ ሚስቱ ሞተች። መዝገበ ቃላቱን ሳታየው። ጆንሰን ከዚያ በኋላ ሌላ ሴት አላገባም። ከሞቷ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ፍራንሲስ ባርበር የሚባል፣ ጃማይካ በባርነት የተወለደ ልጅ ቤቱ ገባ። ሲያዩት አገልጋይ ነበር፤ ጆንሰን ግን ትምህርት ቤት ላከው፤ እንደ ልጁም ያየው ነበር። ቤቱ ቀስ በቀስ መሄጃ ባጡ ሰዎች ተሞላ። አና ዊልያምስ የምትባል ዓይነ ስውር ገጣሚ፣ ሮበርት ሌቨት የሚባል ድሆችን የሚያክም ሰው፣ ሌሎችም እየተነታረኩ አብረው ይኖራሉ። ባለቤቱ ራሱ ዕዳ አለበት።

ጫማውን ያዙልኝ ያልኳችሁ አሁን ነው። ጆንሰን በ1747 የሥራውን ዕቅድ ሲያሳትም ሎርድ ቸስተርፊልድ ለሚባል መኳንንት አቅርቦለት ነበር። በዚያ ዘመን ጸሐፊ ያለ ደጋፊ መኳንንት አይኖርም። ሰውየው 10 ፓውንድ ሰጠውና ረሳው። ጆንሰን ደጅ ጠንቶ ሳይገባ ተመልሷል። ሥራው አልቆ ሊታተም ሲል ግን ቸስተርፊልድ በጋዜጣ ላይ መዝገበ ቃላቱን የሚያሞግስ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አወጣ፤ ደጋፊው እኔ ነኝ ለማለት ያህል። ጆንሰን በየካቲት 1755 ደብዳቤ ጻፈለት። ሐሳቡ ባጭሩ፣ ሰው ውኃ ውስጥ ሲሰምጥ ዝም ብሎ አይቶ ዳር ሲወጣ ሊረዳው የሚሯሯጥ ደጋፊ አያስፈልገኝም የሚል ነው። አዲሱን ጫማ በመስኮት እንደመወርወር ነው። ልዩነቱ፣ በዚህኛው ጊዜ የወረወረው የራሱን ጫማ ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ መሆኑ ነው።

መጽሐፉ ሚያዝያ 15 ቀን 1755 በሁለት ግዙፍ ጥራዞች ወጣ። ዋጋው አራት ፓውንድ ከአሥር ሺሊንግ፤ 2,000 ቅጂ ታተመ። ሁሉም ቢሸጥ 9,000 ፓውንድ ነው። ከዚህ ውስጥ ለጆንሰን የደረሰው ያው ቁርጡ ነው፤ እሱንም በየጊዜው እየወሰደ ጨርሶታል። ኦክስፎርድ ስሙ ያለ ማዕረግ እንዳይታተም ብሎ ዲግሪ ሰጠው። ዲግሪ ግን ዕዳ አይከፍልም። በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት ላይ ለአምስት ፓውንድ ከአሥራ ስምንት ሺሊንግ ዕዳ ተያዘ። ደራሲው ሳሙኤል ሪቻርድሰን ስድስት ጊኒ ልኮ አስፈታው። የእንግሊዝኛን ቋንቋ የመዘገበ ሰው በስድስት ጊኒ!

መጽሐፉ ውስጥ ሰውየው ራሱ አለ። አጃን ሲፈታ በእንግሊዝ ፈረስ የሚበላው፣ በስኮትላንድ ሰው የሚኖርበት እህል መሆኑን ጻፈ፤ አምስቱ ስኮትላንዳውያን ረዳቶቹ ይህችን ሲገለብጡ ፊታቸው ምን ይመስል እንደነበር እንጃ። መዝገበ ቃላት የሚሠራን ሰው ደግሞ ማንንም የማይጎዳ ለፍቶ አዳሪ አደረገው። ስህተትም አለበት። ከፈረስ ሰኮና በላይ ያለውን የእግር ክፍል ጉልበት ብሎ ፈታው። አንዲት ሴት እንዴት ብትለው፣ ባለማወቅ ነው ብሎ መለሰላት፤ ሌላ ምክንያት አልደረደረም።

እንግዲህ ሲጨርስ ምን እንዳለ እንደርስበታለን ብያችሁ ነበር። በዕቅዱ ላይ ቋንቋን ጠብቆ ማቆየት፣ እንዳይለወጥ ማድረግ የሚል ተስፋ ነበረው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በጻፈው መቅድም ላይ ተስፋውን ራሱ አፈረሰው። ሰው እያረጀ ሲሞት የሚያይ ሰው ዕድሜን ለሺህ ዓመት አራዝማለሁ በሚል መድኃኒት እንደሚስቅ ሁሉ፣ ቃላትን ከለውጥ አድናለሁ በሚል መዝገበ ቃላት ሠሪም ሊሳቅ ይገባል የሚል ሐሳብ ነው ያሰፈረው። የሚያሳዝነው የሳቀው በራሱ ላይ መሆኑ ነው። የሚያስከብረውም እሱ ነው። ከፍሎ ያገኘውን መልስ፣ ከጠበቀው ተቃራኒ ስለሆነ ብሎ አልደበቀውም። ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ መረጃው ከመላምቱ ጋር ሲጣላ መረጃውን ማጣመም የለመደ ስንት ሰው አለ!

ሃችም ይኸው ነች። እሱ የእህል ሳጥን ብሎ ዘጋት፤ ሰዎች ከፍተው ጥንቸል አስገቡባት፤ ሌሎች ባሕር ተሻግረው ሳህን ደረደሩባት። ቃሏ አልተበላሸችም። ሳጥንነቷን ይዛ ሥራ ቀየረች።

በጥር 1759 እናቱ ታማ ልትሞት ደረሰች። 90 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር። ጆንሰን ወደ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሄዶ አላያትም። ለመታከሚያዋ፣ ኋላም ለቀብሯና ለዕዳዋ ገንዘብ ሲያስፈልገው ያለውን ብቸኛ ዕቃ፣ ብዕሩን አነሳ። በአንድ ሳምንት ምሽቶች ልብ ወለድ ጽፎ ጨረሰ። 100 ፓውንድ ተከፈለው፤ ሁለተኛው እትም ሲወጣ 25 ተጨመረለት። እናቱ ሳያያት ሞተች።

ልብ ወለዱ ራሴላስ ነው፤ የአቢሲንያው ልዑል። በ24 ዓመት ዕድሜ አካባቢ በአልጋ ላይ ሆኖ የተረጎማት አገር በ49 ዓመቱ ተመልሳ መጣችለት። ስሙ ሎቦ ከጠቀሰው ከሱስንዮስ ወንድም ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ የተወሰደ ነው ተብሎ ይታመናል። ልዑሉ የሚኖረው አማራ ምድር ውስጥ በተራራ በተከበበ ውብ ሸለቆ ነው። ምግብ፣ ዘፈን፣ ጨዋታ፣ ምንም አልጎደለበትም፤ ከመውጣት በቀር። የኛን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ግሸን አምባ ትዝ ይለዋል፤ የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ የሚጠበቁበት ተራራ። ወሬው በፖርቱጋሎች በኩል አውሮፓ ደርሷል፤ ጆንሰን ተራራውን ሸለቆ አደረገው። ልዑሉ የደላው ጥንቸል ነው፤ ሃቹ ሰፊና ያማረ ነው። አንድ ቀን ከእህቱና ከአንድ ባለቅኔ ጋር ጎድጉዶ ይወጣል፤ ደስተኛ ሰው ፍለጋ ካይሮ ድረስ ይሄዳል፤ የተሟላ ደስታ ያለው ሰው ግን አያገኝም። መጽሐፉን ሲራክ ኅሩይ፣ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ፣ ወደ አማርኛ መልሶታል። ጆንሰን ራሱ አገራችንን በዓይኑ አላያትም።

በ1762 ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ በዓመት 300 ፓውንድ ጡረታ ሰጠው። ችግሩ፣ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ይህንኑ ቃል አገሩን ለሸጠ ቅጥረኛ የሚከፈል ገንዘብ የሚያስመስል ፍቺ ሰጥቶት ነበር። ጓደኞቹን አማከረ፤ የሚሰጠው ለሠራው እንጂ ለሚሠራው አይደለም ሲሉት ተቀበለ። የቃሉን ትርጉም በራሱ ላይ ኖሮ ቀየረው። ከዚያ በኋላ ረሃብ አላየም። ሆጅ ለሚባለው ድመቱ ኦይስተር የሚባለውን የባሕር ምግብ ራሱ እየሄደ ይገዛ ነበር፤ አገልጋዮቹ ለድመት ተላክን ብለው እንስሳውን እንዳይጠሉት።

ታኅሣሥ 13 ቀን 1784 በ75 ዓመቱ ሞተና ዌስትሚኒስተር አቢ ተቀበረ። ከንብረቱ አብዛኛውን ለፍራንሲስ ባርበር ተናዘዘለት፤ በዓመት 70 ፓውንድ የሚሆን ገቢ ጭምር። ዘመኑ ሰው እንደ ዕቃ የሚሸጥበት ነው፤ ውርሱ ብዙ አስወራ።

ሰው ሲናገር ቃሉን ተሳሳትክ እያልን የምናርም ብዙ ነን፤ አንዳንዴም ልክ ነን። ለዚህ ስሜት ከጆንሰን የተሻለ ጠበቃ ልናገኝ አንችልም፤ ዘጠኝ ዓመት ሠርቶበታልና። እሱ ግን የመሰከረው ለሌላው ወገን ነው። እንዲያም ሆኖ ሥራውን ከንቱ ነው ብሎ አልተወውም። የሚለወጥን ነገር መመዝገብ ዋጋ አለው፤ ትላንት የት እንደነበረ ካልተጻፈ ዛሬ የት እንደደረሰ አይታወቅም። በ1773፣ ጡረታም ዝናም ካገኘ በኋላ፣ ማንም ሳያስገድደው አራተኛውን እትም ቁጭ ብሎ አረመ። የፈረሱንም እግር አስተካከለ።